ሦስት ሊትር የሚጠጣ ቃታ

ስልኬ ሲጠራ ወልቂጤ፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደብተር እያረምኩ ነበር። አባቴ ነው። አባቴ በስልክ ሲያወራ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጣራ ነው የሚመስለው፤ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ።

«ያ ዝንጉው ደሊል ሞተ! ትናንት ቀበሩት። ጎረቤትህ ስለነበር ለቅሶ እንድትደርስ ብዬ ነው።»

«እሺ አባዬ» ብዬ ዘጋሁ። ቀዩን እስክሪብቶ መልሼ ባነሳም አንዲት መስመር ማረም አቃተኝ።

ዝንጉው ደሊል። የመንደሬ ሰው፣ ልጆች ሳይቀሩ፣ ከአሥር ዓመት በላይ በዚህ ስም ሲጠራው ኖሯል። እኔ ግን ከእሱ ይበልጥ የማይዘነጋ ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ስሙ እንዴት እንደተለጠፈበትም አውቃለሁ። ዛሬ ነገ ስል ሰውየው ከነስሙ ተቀበረ።

ጋሽ ደሊልን ያወቅሁት ቡታጅራ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው፤ ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከገበያው ጀርባ የተከራየኋት ክፍል ከእሱ የቆርቆሮ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች፤ ሞረድ ሲስብ አልጋዬ ይንቀጠቀጣል። የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል፣ ቁልፍ ይቀርጻል፣ የተሰበረ የጋሪ ብረት ያቃናል። ዋና ሥራው ግን ጠመንጃ ነበር። ከመስቃን ገጠር፣ ከእንሴኖ፣ አንዳንዴም ከአገና ድረስ ገበሬዎች አሮጌ ምንሽራቸውን በጆንያ ጠቅልለው ይመጡበታል። ምንሽር ማለት ያ ለእያንዳንዱ ጥይት መቀርቀሪያውን እየሳቡ የሚያጎርሱት የድሮ ጠመንጃ ነው። ጋሽ ደሊል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው የፈቃድ ወረቀት ነው። ባለቤቱ «ወረቀቱን ነገ አመጣለሁ» ካለ፣ «እንግዲያው ጠመንጃውም ነገ ይምጣ» ብሎ ከነጆንያው ይመልሰዋል።

አጭር ሰው ነበር። መነጽሩ በሲባጎ አንገቱ ላይ ታስሯል፤ ነጭ ቆቡ በዘይት ብዛት ነጭነቱን ከተወ ቆይቷል። አንቱ ስለው ግራና ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አደረገና «ማንን ነው? እኔ ብቻዬን ነኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት። እሱም እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ መምህር ነው የሚለኝ፣ ሲያሾፍብኝም ሲያዝንልኝም።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ይፈለጋል እንጂ አይቀረብም። ማረሻውን ከእጁ የተቀበለ ገበሬ ከቤቱ ውሃ አይጠጣም፤ ሽማግሌ ሲቀመጥም ቀጥቃጭ መሃል አይገባም። እናቴ የት እንደተከራየሁ ስትሰማ «ግድግዳ መጋራቱ ይሁን፤ ማዕድ ግን እንዳትጋራ» ብላኝ ነበር። ተጋራሁ። ባለቤቱ እትዬ ዘይነባ ቆጮ በጎመን ስታቀርብ ልጃቸው ሰሚራ በግድግዳው ቀዳዳ «መምህር፣ ና ብላ!» ትለኛለች፤ እኔም እየበላሁ እናቴን ዓመት ሙሉ ዋሸሁ። ያኔ ውሸት ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር።

ጥንቃቄው ያስቀኝ ነበር። ማንኛውንም ጠመንጃ ገና ሲያነሳ አፈሙዙን ወደ ጭቃ ግድግዳው ያዞርና መቀርቀሪያውን ስቦ ጥይት አለመጉረሱን በዓይኑ ያያል። ከዚያ ትንሿን ጣቱን ከትቶ ይዳስሳል። «ዓይን ይዋሻል፤ ትንሿ ጣት አትዋሽም» ይላል። ሻይ ለመጠጣት አስቀምጦት ቢመለስ እንኳ እንደገና ያያል፣ እንደገና ይዳስሳል።

«ጋሼ፣ አሁን አይተኸው የለም እንዴ?»

«እኔ አይቼዋለሁ። ሻይ ስጠጣ ሸይጣን ምን ሲሠራ እንደቆየ ግን አላየሁም።»

የአሮጌ ምንሽር ትልቁ በሽታ የቃታ ክብደት ነው። ውስጡ ያለው ቅባት ደርቆ ሙጫ ይሆናል፣ የሚነካኩት ብረቶች ዝገው ይሻክራሉ። ጣት ቃታውን ሲስብ ትከሻ አብሮ ይሳባል፣ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄዳል፣ «ከርከሮውም በቆሎህን እያኘከ ይታዘብሃል» ይል ነበር ጋሽ ደሊል። ክብደቱን የሚለካው በውሃ ነው። ባዶውን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ በሞርሳ፣ በብረት መንጋጋው፣ ያስረዋል፤ ቃታው ላይ ባዶ የዘይት ጀሪካን በሲባጎ ያንጠለጥላል፤ ከዚያ በጣሳ ውሃ እየቀዳ ይጨምራል። ቃታው ቀጭ ብሎ ሲለቅ ያቆምና ውሃውን ይሰፍራል። «ይሄ አራት ሊትር ይጠጣል» ይላል፤ ወይም «ይሄስ ሰካራም ነው፣ በአንድ ጣሳ ወደቀ»። በአንድ ጣሳ የሚወድቀውን ክብደቱን ሳይመልስ ለባለቤቱ አይሰጥም።

የአባቴን ምንሽር ያመጣሁለት እኔ ነኝ። የአባቴን ቀኝ እጅ ቁርጥማት ይዞት ሌባ ጣቱ አልታጠፍ ብሎ ነበር። ከርከሮ በቆሎውን እያረሰ ይሄዳል፤ አባቴ ይተኩሳል፣ ይስታል። የዚያን ዓመት ቤታችን የሚበላው በዚያ በቆሎ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር እናቴ በየሳምንቱ «ያንን ጠመንጃ አንድ ነገር አድርጉት» እያለች ትነዘንዘን ነበር።

ጀሪካኑ አምስት ሊትር ይይዛል። ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቃታው ንቅንቅ አላለም።

«የአባትህ ጠመንጃ ጠጥቶ አይሰክርም» አለ ጋሽ ደሊል። ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ጀሪካኑን ፈትቶ አስቀመጠና «አልሠራውም፤ መልሰህ ውሰድለት» አለኝ።

ለመንኩት። የአባቴን ጣት ነገርኩት፣ በቆሎውን ነገርኩት። በርጩማውን ሳበና ተቀመጠ።

«ስማ መምህር። ልጅ ሆኜ፣ ገና ከአባቴ ሥራ ስረከብ፣ ለአንድ የእንሴኖ ሰው ቃታ አቀለልኩ። ሥራዬ አንድ እንከን አልነበረበትም፣ ወላሂ። ከዚያ ጎረቤቱ ጠመንጃውን ለለቅሶ ተዋሰው። ከባድ መሆኑን ነው የሚያውቀው። ጣቱን እንደልማዱ ቃታው ላይ አሳርፎ ሲሮጥ ተኮሰ፤ ከፊቱ የነበረው ልጅ እግሩን አጣ።»

«ያንተ ጥፋት አይደለም እኮ ጋሼ።»

«ሽማግሌ ተቀመጠ። ተኳሹ ተጠየቀ፣ ካሰ። ባለ ጠመንጃው ተጠየቀ፣ ካሰ። እኔም ሄጄ ዳር ቆምኩ። ማንም ና አላለኝም። ወሬ ለመስማት የመጣሁ ነው የመሰላቸው።» ቆቡን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። «ቃታ ሲቀልል የሚቀልለው ለአንድ ሰው ነው። ጠመንጃ ግን የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ብረቱን እኔ እለውጣለሁ፤ የመንደሩን ጣት ማን ይለውጠዋል?»

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ጠመንጃ ያለው ይዞ ይወጣል፣ የሌለው ይዋሳል። ጀፎር በምንለው ሰፊው የመንደር ሣር ላይ የሟቹን ስም እየጠሩ ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ፣ ይፎክራሉ፣ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። ቃታው ከባድ ስለሆነ ጣታቸውን እላዩ ላይ አሳርፈው ነው የሚሮጡት። የአባቴን ምንሽር ደግሞ በመንደሩ ያልተዋሰው ጎልማሳ የለም።

በመጨረሻ እሺ አለኝ፤ ግን ቃል አስገባኝ። «ለአባትህ ንገረው። ይሄ ጠመንጃ ከእንግዲህ ለከርከሮ ብቻ ነው። ለቅሶ አይወጣም። ይወጣል ካለ ደግሞ ተውሶት የሚያውቅ ሰው ሁሉ እዚህ መጥቶ፣ ፊቴ ባዶውን ይሳበው፤ ጣቱ አዲሱን ክብደት ይልመደው።»

«እነግረዋለሁ ጋሼ።»

ሦስት ቀን ሠራው። አባቴ በሰው በኩል «የቃታውን ሞላ ቆረጥ አድርጎ ይገላገል» ብሎ ልኮበት ነበር፤ «ሞላ የሚቆርጥ ነፍስ ይቆርጣል» ብሎ መለሰለት። ውስጡን በነጭ ጋዝ አጠበ፤ የሻከሩትን ብረቶች በለስላሳ ድንጋይና በዘይት አሸ፣ አየ፣ ደግሞ አሸ። ከዚያ ባዶውን አቀባብሎ ሰደፉን በታጠፈ ጆንያ ላይ መቶ ጊዜ ደበደበው። ቃታው በራሱ አልለቀቀም። ውሃ ሲጨምርበት ሦስት ሊትር ላይ ቀጭ አለ። «ከዚህ በታች አልወርድም» አለኝና ጠመንጃውን ከማስረከቡ በፊት ያን ቃል አስደገመኝ። ደገምኩለት።

ጠመንጃውን ይዤ መንደር ስደርስ አባቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቃታውን ሳበው፤ በዚያ በደነዘዘ ጣቱ። ፊቱ በራ። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። የመጣልኝን ቃል ዋጥኩት። አባቴ «ጠመንጃውን ከለቅሶ የሚያስቀር ሰው ሲሞት ማን ያለቅስለታል?» እያለ ያሳደገኝ ሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነት አባት ጠመንጃህን ለለቅሶ ከልክል ይባላል? ሌላ ቀን እነግረዋለሁ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከርከሮ ጣለ፤ ያኔም ደስታውን ላለማበላሸት ተውኩት። ጋሽ ደሊል «ነገርከው?» ሲለኝ «አዎ፣ ነግሬዋለሁ» አልኩት። «ምን አለ?» ሲለኝም «ገብቶኛል አለ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፌ ጠፋ። በመንደራችን ሰው ታመመ በተባለ ቁጥር «ተሻለው?» እያልኩ አጠይቃለሁ። ሽማግሌዎች እንዳይሞቱ እጸልይ ነበር፤ ለነፍሳቸው ስል እንዳይመስላችሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመንደሬ የመጣ ባለጋሪ ብረቱን ሊያሠራ ገባ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ።

«ቶሎ በልልኝ ጋሽ ደሊል፣ ለቅሶ አለብኝ። አቶ ወልዴ አርፈው ዛሬ ነው ቀብራቸው። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ወጥቷል።»

ጋሽ ደሊል ሞረዱን ሳይጥል በመነጽሩ ላይ አየኝ። «የአባትህስ? ቤት ነው አይደል የሚውለው?»

ብርጭቆዬን ማስቀመጫ ፈልጌ አጣሁ።

«መምህር። ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም ጋሼ።»

አልጮኸብኝም። ሞረዱን አስቀመጠ፣ ለባለጋሪው «ውሰደን» አለው፣ ቆቡን እንኳ ሳያስተካክል ወጣ። መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ጋሪው ጭቃ ሲይዘው ወርደን በእግራችን ሮጥን። ከእንሰቱ ባሻገር ተኩስ ይሰማል። አንድ ጥይት በጮኸ ቁጥር ጋሽ ደሊል ቆሞ ያዳምጣል፤ ከተኩሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጩኸት የለቅሶ ብቻ ሲሆን እንደገና ይሮጣል። ሰው ከሞተ ገዳዩ እኔ ነኝ፤ ሌላ ምንም አላስብም ነበር።

ጀፎሩ በሰው ሞልቷል። የአባቴን ምንሽር የያዘው ያጎቴ ልጅ ዘበርጋ ነው። ዘበርጋ ያን ጠመንጃ ከጉርምስናው ጀምሮ ያውቀዋል። «ወልዴ! ወልዴ!» እያለ እያለቀሰ ይሮጣል፤ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ይነሳና ደግሞ ሲዞር ወደ ሰው ይወርዳል። ከፊቱ የሟቹ ልጆች ደረታቸውን እየመቱ ቆመዋል። ጣቱን አየሁት። ቃታው ላይ ነበር።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣኝም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ቢወጣም ማን ይሰማኛል? ጋሽ ደሊል ግን ገባ። ቀጥቃጭ ወደማይገባበት መሃል ገብቶ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ሰው ስም እየጠራ ደረቱን መታ። «ወልዴ! ወልዴ!» ለቀስተኛው ተደናግሮ መንገድ ለቀቀለት። እያለቀሰ ዘበርጋ ዘንድ ደረሰና አዛኝ አዛኝን እንደሚያቅፍ አቀፈው። በግራ እጁ አፈሙዙን ወደ ላይ ገፋው። ያኔ ጠመንጃው ጮኸ፤ ጋሽ ደሊል ጆሮ ሥር።

ሕዝቡ ክብር ለመስጠት የተተኮሰ መስሎት ለቅሶውን ቀጠለ። ዘበርጋ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ቆመ። «አልሳብኩትም! ጣቴን ነው ያሳረፍኩት እንጂ አልሳብኩትም!» ብሎ ጠመንጃውን ሣሩ ላይ ጣለው። ጋሽ ደሊል አነሳው፣ መቀርቀሪያውን ስቦ አየ፣ ትንሿን ጣቱን ከትቶ ዳሰሰ።

ከቀብር መልስ ሽማግሌዎች ጀፎሩ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ዘበርጋ የሆነውን ተናገረ። አባቴም ቃታው መቅለሉን ተናገረና «ለለቅሶ እንደማይሆን ማንም አልነገረኝም!» አለ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ዋናው ሽማግሌ ዙሪያውን አየና «ደሊል፣ የከድር ልጅ፣ መሃል ግባ» አለ።

ገባ። ቆቡን አውልቆ ያዘ።

«ይህን ብረት የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለለቅሶ እንደማይሆን ማወቅ አልነበረብህም?»

«አውቃለሁ። ለልጁ መንገር ነበረብኝ። ዘነጋሁ።»

ወደ እኔ አላየም። አንድ ጊዜ እንኳ አላየም። አባቴ ብድግ አለ። «ዝንጉ! አንተ ዝንጉ ቀጥቃጭ! ወገን ከወገን ልታፋጅ ነበር እኮ!» ሌላም ብዙ አለው፤ ልጽፈው የማልፈልገውን። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ሁለት መቶ ሰው ፊት፣ አባቴ ፊት፣ መምህሩ ልጅ እኔ ካለሁበት ሳልነቃነቅ ቀረሁ። ጋሽ ደሊል ጎንበስ ብሎ የሟቹን ልጆች ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁትና ለቀቁት።

ስንመለስ ጠመንጃውን ተሸክሞ ከፊቴ ይሄድ ነበር፤ ክብደቱን ሊመልስለት። በግራው በኩል ደረስኩበትና «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። አልመለሰልኝም። ትንሽ ከሄድን በኋላ ዞሮ «ምን አልክ? በዚህኛው ጆሮዬ አልሰማም፤ ይጮህብኛል» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ያ ጆሮ ከዚያ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ጎረቤታሞች ነበርን። ቆጮው አልቀረብኝም፤ ሹፈቱም አልቀረብኝም። የመንደሬ ሰው ሲመጣ ግን «ዝንጉው አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱም «አለሁ» ይላል። ወልቂጤ ስዛወር የደስታዬ እኩሌታ ያንን «አለሁ» ከመስማት መገላገሌ ነበር። ፈሪ ነበርኩ።

የአባቴ ስልክ በመጣ ማግስት ወደ ቡታጅራ ወረድኩ። አባቴ ከዘራውን ይዞ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ፤ እሱም ለቅሶ ሊደርስ ነው የመጣው። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ሞልቷል። ሰሚራ፣ አሁን የልጆች እናት፣ ልትቀበለን መጣች።

አባቴ እጇን ያዘ። ከልቡ አዝኖ ነበር። «አላህ ያጽናሽ ልጄ። ምን ይደረጋል። ትንሽ ዝንጉ ቢሆንም እጁ ወርቅ ነበር አባትሽ።»

ሰሚራ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«አባዬ» አልኩ። «ጋሽ ደሊል አልዘነጋም። ነግሮኝ ነበር፣ ደጋግሞ። ያልነገርኩህ እኔ ነኝ።»

አባቴ የልጅቷን እጅ እንደያዘ ቀረ።

«እናውቃለን መምህር» አለች ሰሚራ በቀስታ። «ያን ቀን እንደመጣ ለእማዬ ነግሯታል። ‹ራሱ ለአባቱ እስኪናገር ማናችሁም አፋችሁን እንዳትከፍቱ፣ ይናገራል› ነበር ያለን። ታሞ ተኝቶ እንኳ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ‹መምህር ነው?› ይል ነበር።»

አባቴ ወደ እኔ አልዞረም። ከዘራውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ «ደሊል የከድር ልጅ አልዘነጋም! የዘነጋው የእኔ ቤት ነው! በሰው ፊት ሰድቤዋለሁ፣ በሰው ፊት ይቅር በሉኝ!» አለና ከጣቱ አልፎ ቁርጥማት በያዘው ጉልበቱ ሰሚራ እግር ላይ ሊወድቅ ጎነበሰ። «ኧረ በአላህ አባባ፣ ኧረ ተነሱ!» እያለች ትከሻውን ያዘችው። እኔም ከጎኑ ተንበረከክሁ፤ እኔን የያዘኝ ሰው ግን አልነበረም። ቤት እስክንገባ ድረስ አባቴ አንድ ቃል አላናገረኝም፤ በማግስቱም አላናገረኝም።